ሞባይል ስልክ፣ ጥቁር፣ ብዛት 1

በመሥሪያ ቤት ስልክ የሚታደለው እንደ ድሮ ግብር ሥጋ ነው፤ በማዕረግ። ሻኛው የማን፣ ጎድኑ የማን እንደሆነ ለይቶ የሚያውቀው አጋፋሪ ቢጠፋም ሥራው አልጠፋም፤ ወደ ጠቅላላ አገልግሎት ተዛውሯል። ለዋና ሥራ አስኪያጅ አይፎን። ለምክትሎች ውዱ ሳምሰንግ። ለመምሪያ ኃላፊ መካከለኛው ሳምሰንግ። ለቡድን መሪ ቴክኖ። ለተራ ሠራተኛ በወር የተቆረጠ ካርድ። ለሹፌር ደግሞ፣ «አንተ የራስህ ስልክ አለህ አይደል?»

የዚህ ዘመን አጋፋሪ እኔ ነኝ። ዕቃ ከውጭ እያስመጣ ለሱቆች በሚያከፋፍል የግል ድርጅት ውስጥ በጠቅላላ አገልግሎት እሠራለሁ፤ አምፖል ሲቃጠል፣ ውሃ ሲጠፋ፣ መኪና ሲጋጭ፣ ስልክ ሲሰበር ስሙ የሚጠራው ሰው ማለት ነው። ከዚህ ወንበር ላይ ሆኖ ለተመለከተ፣ ስልኩ ከላይ ወደ ታች እየሳሳ ይወርዳል፤ በስልክ የሚሠራው ሥራ ግን ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየወፈረ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጃችን በአይፎናቸው የሚሠሩት ሁለት ነገር ነው፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው መመለስና በበዓል ዋዜማ አደይ አበባ ያለበት የመልካም ምኞት ሥዕል ለሁሉም መላክ። የሽያጭ ልጆቻችን ግን ከመርካቶ እስከ ሻሸመኔ እየዞሩ የሱቁን መደርደሪያ ፎቶ ያነሳሉ፣ ትዕዛዝ ይቀበላሉ፣ ያሉበትን ቦታ ይልካሉ፣ በቴሌብር የገባውን ብር ያረጋግጣሉ። ከዚያ አመሻሽ ላይ አንዱ ይመጣና «ስልኩ ሞላብኝ፤ ፎቶ ሳጠፋ ደረሰኙም አብሮ ጠፋ» ይለኛል። ሰፊው ስልክ አደይ አበባ ይዞ ይውላል፤ ጠባቡ የድርጅቱን ሒሳብ ይሸከማል።

ስልክን መቆጣጠር ለመሥሪያ ቤቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ቁጥሩ በጣት በሚዞርበት ዘመን ማዞሪያው ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ተንጠልጥላ ትውል ነበር፤ መክፈቻዋ ከአለቃው ኪስ አይወጣም። ታዲያ ብልጥ ተላላኪ ምን ያደርጋል? እጀታው የሚያርፍበትን መጫኛ በጣቱ ቶሎ ቶሎ ይመታዋል፤ አራት ከሆነ አራቴ፣ ስድስት ከሆነ ስድስቴ። ስልኩ መስመሩ ሲቋረጥና ሲቀጠል ቁጥር የዞረ ይመስለዋል። ጓጉንቸሯ ሳትነካ ተላላኪው ከወዳጁ ጋር ያወጋል። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ጓጉንቸሯ ጡረታ ወጣች፤ ተላላኪው ግን ዛሬም በሥራ ላይ ነው። አዲስ የስልክ መመሪያ ባወጣን ቁጥር፣ ይኼኛውን በየት በኩል ይመታው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ግዥው ራሱን የቻለ ትያትር ነው። መመሪያችን ሦስት ፕሮፎርማ ይላል። ሦስቱም በሰዓቱ ይመጣሉ፤ ሦስት ማኅተም፣ ሦስት አድራሻ፣ ሦስት ዋጋ። አንድ ጊዜ ግን በሦስቱም ላይ «ጋላክሲ» የሚለው «ጋላሲክ» ተብሎ ተጽፎ መጣ። ያመጣውን ነጋዴ «ወንድሜ፣ ሦስት ሱቅ አንድ ዓይነት ስህተት?» ብለው፣ ዓይኑን ሳያሽ «ጸሐፊዋ ጎበዝ ስለሆነች ሁላችንም እሷ ጋ ነው የምናስጽፈው» አለኝ። መልሱ ስላስደሰተኝ ሻይ ጋበዝኩት። ስልኩን ግን ከሌላ ገዛን።

ከሌላም ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄ አይቀርም፤ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ያለ ደረሰኝ የሚጠራው ዋጋ ያማልላል። የግዥ ኮሚቴያችን አንድ አባል ይህን በሰማ ቁጥር ምራቁን ይውጣል። ለግለሰብ ይሆን ይሆናል፤ ለድርጅት ግን ደረሰኝ የሌለው ስልክ በሒሳብ መዝገብ ፊት ያልተወለደ ልጅ ነው። በወጪ አይያዝም፤ የተከፈለው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አይቀናነስም፤ ሲበላሽም የሚመለስበት በር የለውም። አንዱን ሻጭ «ዋስትናው እስከ መቼ ነው?» ብንለው «ከዚህች በር እስክትወጡ» ብሎናል፤ ቢያንስ አልዋሸም። «ፓክድ ነው» የሚባለው ነገርም እንዲሁ ነው፤ ካርቶኑ ታሽጎ መምጣቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማን እንዳሸገው ግን ካርቶኑ ላይ አይጻፍም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ፕሮፎርማው ራሱ ዕድሜው አጠረ። ድሮ ከታች «ለ30 ቀናት የጸና» ይል የነበረው «ለዛሬ ብቻ» ማለት ጀመረ። የእኛ ግዥ ኮሚቴ የሚሰበሰበው ግን ሐሙስ ሐሙስ ነው። ዋጋው ማክሰኞ ይጠየቃል፣ ረቡዕ ይሞታል፣ ሐሙስ ይጸድቃል።

የፋይናንስ ኃላፊያችን እንደማንኛውም የፋይናንስ ኃላፊ ፕሮፎርማውን ከታች ወደ ላይ ነው የሚያነቡት። ርካሹ ላይ ጣታቸውን ያሳርፉና «ይኼ ምን ነውር አለበት?» ይላሉ። እኔም ወረቀት አወጣለሁ። አንዱ ስልክ 15 ሺህ ብር ተገዝቶ በዓመቱ ቢሞት በወር 1,250 ብር በላን ማለት ነው። ሌላው 30 ሺህ ብር ተገዝቶ አራት ዓመት ቢያገለግል በወር 625 ብር ነው። ውዱ በግማሽ ረከሰ። እሳቸው ወረቀቱን ጥሩ አድርገው ያዩና መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ «ሒሳቡ ልክ ነው። አራት ዓመት ሳይጥል ሳይሰብር የሚይዘው ሰው የቱ ጋ ነው ያለው?» እዚህ ላይ ዝም እላለሁ፤ የሴትየዋ ጥያቄ ከእኔ ሒሳብ ይበልጣላ።

ሆኖም ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማንባቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ስክሪኑ መርካቶ የማይገኝ ስልክ አይገዛም። ካሜራው ሰማይ ቢነካ፣ ዋጋው መሬት ቢወርድ፣ ሲሰበር የሚቀይርለት ሰው ከሌለ ወረቀት ማስቀመጫ ነው የሚሆነው። ሁለተኛው፣ ለሽያጭና ለስርጭት ሠራተኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ስልክ። አንድ ዓይነት ሲሆን ቻርጀሩ ይወራረሳል፣ ከቨሩ በጅምላ ይገዛል፣ የአንዱ ስክሪን ለሌላው ይተርፋል፤ ከሁሉም በላይ «የሱ ስልክ ለምን ከኔ ይበልጣል?» የሚል አቤቱታ አይመጣም። ይህ የመጨረሻው ብቻውን የእኔን ግማሽ የሥራ ሰዓት አድኗል።

ሌላው ማሻሻያ የሚሉት ነገር ነው። ሰው ስልክ ሲገዛ ካሜራ ይጠይቃል፣ ቀለም ይጠይቃል፤ ይህ ስልክ የደህንነት ማሻሻያ የሚያገኘው እስከ መቼ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ሳምሰንግ በ2024 እ.ኤ.አ. ለወጣው ጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት፣ ለትንሹ ኤ16 እንኳ የስድስት ዓመት ማሻሻያ እንደሚሰጥ ቃል ገብቷል። ከርካሾቹ መካከል ከካርቶኑ ከወጣ በኋላ ማሻሻያ ዞር ብሎ የማያየው አለ። ስልኩ ለመደወያ ብቻ ቢሆን ማን ግድ ይለው ነበር፤ ግን ሒሳብ ሹማችን የድርጅቱን ክፍያ የሚያጸድቀው በዚያው ስልክ ነው። ካዝናውን በሦስት ቁልፍ ቆልፈን መስኮቱን ከፍተን እናድራለን።

ስለ ሥራ አስኪያጁ አይፎን አለመናገር ይከብደኛል። ካርቶኑ ሲከፈት ውስጡ ስልክ፣ ገመድና ትንሽ ወረቀት ብቻ። «ቻርጀሩስ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ሁላችንም ወደ ግዥ ሠራተኛው ዞርን። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ሱቅ ድረስ ሄዶ ከሻጩ ጋር ሊደባደብ ምንም አልቀረው፤ ለካ አፕል ከአይፎን 12 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የሚሰካውን የቻርጀር ራስ ከካርቶኑ ውስጥ አውጥቶታል፤ ለአካባቢ ጥበቃ ነው ብሏል። የእኛ መመሪያ ግን ለአካባቢ ጥበቃ የተለየ አንቀጽ የለውም። ለቻርጀር አዲስ የግዥ ጥያቄ ተሞላ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ሐሙስ ተጠበቀ። በዚያ ሳምንት የድርጅቱ ውድ ስልክ ከተላላኪያችን ልጅ በተዋሰው ቻርጀር ሲሞላ ከረመ።

አሁን ወደ ንብረት ክፍል ልውረድ፤ ገንዘብ በእርግጥ የሚፈሰው እዚያ ነውና። ንብረት ክፍላችን በድሮው የመንግሥት ሥርዓት የሚሄድ ነው፤ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22። ንብረት ጠባቂያችን እጅግ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ እርሳስ ሲሰጡ እንኳ ያስፈርማሉ። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ ሊያስፈርም ወደሳቸው መጣ። ሞዴል 22 ተፈልጎ ወጣ። የተጻፈው «ሞባይል ስልክ፣ ጥቁር፣ ብዛት 1» ነው። ልጁ ከኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሞባይል ነው?» አሉ ንብረት ጠባቂው።

«ነው።»

«ቀለሙ?»

«ጥቁር።»

«ብዛቱ?»

«አንድ።»

ፈረሙለት። ሲወጣ ሳምሰንግ የነበረው ሲመለስ ከጀርባው ስሙ የተፋቀ፣ ባትሪው አብጦ ክዳኑን የገፋ፣ ቢጫኑት የማይበራ ቀፎ ሆኗል። ጥቁርነቱ ግን አያጠራጥርም። ለንብረት ጠባቂው «ጌታዬ፣ ይኼ እኮ የኛ አይደለም» ስላቸው ቆፍጠን ብለው «በየትኛው ቃል ነው የማይመሳሰለው?» አሉኝ። በሕግ ከሄድን ማንም አይረታቸውም።

መፍትሔው ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያደርገው ነው። ስልኩ ላይ *#06# ሲጫኑ 15 አኃዝ ያለው የቀፎው መለያ ቁጥር ይወጣል፤ አይኤምኢአይ የሚሉት። ቴሌ በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የቀፎ ምዝገባ ሲጀምር አገሩ ሁሉ ይህን ሲጫን ነበር የሰነበተው። እሱ ቁጥር ሞዴል 22 ላይ ከሰፈረ ጥቁሩ ከጥቁሩ ይለያል። ይህን ለንብረት ጠባቂያችን አስረዳሁ። ፎርሙን ገልብጠው ገላልጠው አዩት። «አሥራ አምስት ቁጥር? በዚህች ጠባብ ሣጥን?» ከጀርባው ይጻፍ ብዬ አሳመንኳቸው። የመጀመሪያውን ስልክ ከፍተን ስንጫን ሁለት ቁጥር ወጣ፤ ባለ ሁለት ሲም ቀፎ ሁለት መለያ አለው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱኝ።

«ሁለት ከሆነማ ብዛት 2 ልበል?»

ቀፎው ራሱ ቢመለስም ተመልሷል ማለት ላይሆን ይችላል። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ በለቀቁ ጊዜ አይፎናቸውን በክብር አስረከቡን፤ ቁጥሩም ተመሳከረ፣ ሁሉም ልክ ነው። አጥፍተን ለተተኪያቸው ልናዘጋጅ ስንል ስልኩ የባለቤቱን የአፕል መለያና የይለፍ ቃል ጠየቀ። ለቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ተደወለላቸው። «እሱን የከፈተልኝ ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው» አሉ። የአክስት ልጅ ተደወለለት፤ እዚህ ረፋድ ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው፣ አያነሳም። እዚያ ረፋድ ሲሆን እሱ ሥራ ላይ ነው፣ አያነሳም። በመጨረሻ በእሑድ ቀን ተገኘና «የትኛው ኢሜል ነበር?» ብሎ እኛን ጠየቀን። አንድሮይዱም ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲሁ ነው፤ የጉግል መለያው ሳይወጣ ከተደመሰሰ የቀድሞ ባለቤቱን ካላመጣችሁ አልከፍትም ይላል። ይህ ለሌባ የተሠራ ወጥመድ ነው፤ የተያዝነው እኛ ነን እንጂ። አሁን ማንኛውም ስልክ ለሠራተኛ ከመሰጠቱ በፊት በድርጅቱ ኢሜል ይከፈታል፤ የይለፍ ቃሉም በፖስታ ታሽጎ ካዝና ይገባል። ቢጠፋም ከቢሮ ሆኖ መቆለፍ፣ ውስጡን መደምሰስ ይቻላል።

ይህን ያወጅን ዕለት ካፍቴሪያው ታመሰ። «ፎቶአችንን ሊያዩ ነው!» አንዷ ቴሌግራሟን ቁጭ ብላ ስታጸዳ ዋለች። በአንድሮይድ ላይ የሥራውን ወገን ከግሉ ለይቶ የሚያስቀምጥ አሠራር እንዳለ፣ ድርጅቱ የሚያዝዘው በሥራው ወገን ብቻ እንደሆነ፣ ማንም የማንንም የልደት ፎቶ እንደማያይ ብናስረዳም የሚሰማ አልተገኘም። በማግስቱ የተገኘው ጥቅም ግን ያልታሰበ ነው፤ ሰዉ ሁሉ የግል ወሬውን በግል ስልኩ ማድረግ ጀመረና የድርጅቱ የኢንተርኔት ፓኬጅ ከወር ወር መድረስ ቻለ። ጓጉንቸሯ በወሬ ብቻ ሠራች።

ስልክ ዕቃ ነው፣ ይተካል። የሚያስለቅሰው ቁጥሩ ነው። አንድ ነባር ሻጭ በራሱ ሲም ሲሠራ ኖሮ ወደ ተፎካካሪ ድርጅት ሄደ፤ መርካቶ ያሉ ደንበኞቻችን የሚያውቁት የድርጅቱን ስም ሳይሆን የሱን ቁጥር ነበርና ተከትለውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሲሙ ሁሉ በድርጅቱ ንግድ ፈቃድና ደብዳቤ ነው የሚወጣው፤ ሰው ይሄዳል፣ ቁጥሩ ይቀራል። ቁጥሩ ሲቀር ታዲያ ባዶውን አይቀርም። አዲስ የተቀጠረች የሽያጭ ልጅ ከዚያ በኋላ የለቀቀ የሌላ ሻጭ ቁጥር በተረከበች ዕለት ገና ወንበሯ ላይ ሳትደላደል ስልኩ ጮኸ። አንሥታ «አቤት» ከማለቷ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ እስከኔ ጠረጴዛ ድረስ ተሰማ።

«ዕቁብ በልተህ ድምፅህን አጠፋህ አይደል? ዋሶችህን ይዤ ነው የምመጣ!»

«ይቅርታ፣ ተሳስተዋል…»

«ጭራሽ ሴት ታስነሳለህ!»

ቴሌግራም ስትከፍት ደግሞ የሰውየው ኑሮ ሙሉ በሙሉ ተዘረጋላት፤ የሰርግ ኮሚቴ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበር፣ የልጁ ክፍል ወላጆች፤ በመካከላቸው ደግሞ የእኛ ደንበኞች ትዕዛዝ። በአገራችን የብዙ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ቴሌግራም ነው፤ እሱ መዝገብ ቤት ደግሞ ከስልክ ቁጥር ጋር አብሮ ይወረሳል። አሁን ክሊራንስ ወረቀታችን ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ተሰናባቹ ፊታችን ቁጭ ብሎ የግሉን መለያ ወደ ግል ቁጥሩ ያዛውራል፣ የድርጅቱን ያስረክባል። ዕቁቡን ግን ራሱ ይጨርስ።

ስለ ካርድ ብዙ አልልም። በየወሩ የካርድ አበል የሚቀበል ሰው ቢሮ ሲደውል ሚስኮል ያደርጋል፤ ይህ ከሕገ መንግሥቱ ውጭ የጸና ሕግ ነው። አበሉ የት ይገባል ብሎ መጠየቅ ትርፉ መቀያየም ነው። የሠራተኞቹን መስመር በአንድ ቡድን አስገብተን እርስ በርስ የሚደዋወሉበትን ሒሳብ ድርጅቱ በጥቅል እንዲከፍል ስናደርግ ሚስኮሉ ቀነሰ። አልጠፋም። አንዳንዱ ሚስኮል የሚያደርገው ገንዘብ አጥቶ ሳይሆን ልማድ ሆኖበት ነው።

ከሁሉ የምወደው ክርክር ከጅቡቲ መስመር ሹፌራችን ጋር ያደረግኩት ነው። በዕድሜ አባቴ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ለሹፌሮችም ስልክ ይሰጥ ተብሎ ተራው ሲደርሳቸው ለመምሪያ ኃላፊ የሚሰጠውን ዓይነት ስልክ ይዤ ብቅ ብል አገላብጠው መለሱልኝ። «ልጄ፣ ይኼ ሙሽራ ነው። እኔ የምፈልገው ቻርጅ የሚይዝ፣ ሁለት ሲም የሚጎርስ፣ ፀሐይ ላይ የሚነበብ ነው። የማስረከቢያውን ወረቀት አንሥቶ ካሳየ ይበቃኛል።» ሁለት ሲሙ ቅንጦት አይደለም፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ 09 ሲጠፋ 07ን፣ 07 ሲጠፋ 09ን እየሞከሩ ነው የሚሄዱት፤ ሁለቱም ሲጠፋ ደግሞ ይዘፍናሉ። አፋር በረሃ ላይ ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ስልክ ባትሪው ያብጣል፤ ሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም። እሳቸው ይህን ያወቁት ከማንም መጽሐፍ ሳይሆን ሁለት ስልክ ካበጠባቸው ጓደኛቸው ነው፤ ስልካቸው የሚጓዘው ጋላፊ ድረስ የውሃ ጀሪካን ሥር ተሸጉጦ ነው። ያሉትን ዓይነት 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ያለው ስልክ ፈልጌ ብገዛላቸው ዋጋው ለመምሪያ ኃላፊ ከምንገዛው ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሥራው ምን እንደሚፈልግ ሠራተኛውን ከመጠየቅ የረከሰ የግዥ ጥናት አላየሁም፤ ግን ፕሮፎርማ ስለማይቀርብበት ኮሚቴው አያምንበትም።

የፋይናንስ ኃላፊዋ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው፤ አራት ዓመት የሚይዘው ማነው? የድርጅት ስልክ የሚጠፋበት ወቅት አለው። አዲስ ሞዴል ገበያ ሲገባ፣ በተለይ ስልኩ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ መገናኛ ታክሲ ወረፋ ላይ ይሰረቃል። የሚገርመው፣ የግል ስልኩ በዚያው ኪስ ውስጥ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። የመገናኛ ሌባ ሞዴል 22 ያነባል መሰለኝ።

ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ አንድ ነገር ወሰንን። ሦስት ዓመት የያዘው ሰው ስልኩን በመዝገብ በቀረው ዋጋ ይወስደዋል፤ ከዚያ በፊት ከጠፋ ወይም ከተሰበረ የቀሩትን ወራት ድርሻ ይከፍላል። ሥራ አስኪያጁ «ንብረት ማደል አይሆንም ወይ?» ብለው ተከራከሩ። የፋይናንስ ኃላፊዋ መሳቢያቸውን ስበው ያበጡ ስልኮች አሳዩዋቸው። እነዚህን በጨረታ ለመሸጥ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ይወጣል፤ የማስታወቂያው ዋጋ ብቻ የስልኮቹን ዋጋ ይበላል። ሥራ አስኪያጁ ፈረሙ። በወሩ ውስጥ ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ሠራተኛው በሙሉ በገዛ ገንዘቡ ከቨር ገዛ፣ ስክሪኑ ላይ መስታወት አስለጠፈ። አንዱማ ለስልኩ የቆዳ ማኅደር አሠፍቶለት መጣ። መገናኛ ያለው ሌባም ወደ ሌላ ሥራ ሳይዛወር አልቀረም።

ይህ ወሬ በር ድረስ ደረሰና አንድ ጠዋት ዘበኛችን አባባ ቢሮዬ ገቡ። እሳቸው የያዙት ኖኪያ 1100 ነው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው፣ አናቱ ላይ የእጅ ባትሪ ያለው። በሳምንት አንዴ ነው ቻርጅ የሚደረገው። ፓኬጅ አያውቅም፣ ማሻሻያ አያውቅም፣ ወድቆ አይሰበርም፣ ሌሊት አጥር ይዞርበታል። አንድ ጊዜ መጋዘኑ ላይ ጭስ ሲያዩ እሳት አደጋ የጠሩት በዚሁ ነው፤ ያን ሌሊት አይፎኑ ጠፍቶ አድሯል።

«ልጄ፣ ሦስት ዓመት የያዘ ሰው ስልኩ የራሱ ይሆናል አሉ?»

«አዎ አባባ።»

«እንግዲያው ይቺን ልውሰዳታ።»

ወደ ፋይናንስ ወሰድኳቸው። መዝገቡ ሲገለጥ የስልኳ የቀረ ዋጋ 1 ብር ነው። የፋይናንስ ኃላፊዋ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ሽያጭ ስለሆነ ከነቫቱ 1 ብር ከ15 ሣንቲም» አሉ። አባባ ከካፖርታቸው ውስጥ የተጠቀለለች መሀረብ አውጥተው ፈቱ፣ ቆጥረው ከፈሉ፣ ደረሰኝ ጠየቁ፣ ደረሰኙን ወደ ብርሃን አንሥተው ማኅተሙን አዩ፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አመስግነው በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ዞር አሉ።

«ቻርጀሩስ?»